«የለችም» ያልኩበት የአዲስ አበባ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው አላስቀምጥ ብሎኛል። ገበያ ስወጣ፣ ማኅበር ስቀመጥ፣ ወፍጮ ቤት ስሰለፍ፣ «አያ ደምሴ፣ እስቲ ያን የሽንቱን ነገር ንገረን» ይሉኛል። አንዱ ጋ የነገርኩት ሌላው ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የማላውቀው ሰው እኔኑ ይዞ «የደምሴ የልጅ ልጅ ታሰረች አሉ» እያለ ያወራልኛል። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ራሴ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። መስመሬ ቀጥ አይልም፤ ነገሬ ግን ቀጥ ያለ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው ካሁን በኋላ ደብተሩን ያንብብ።

ሰኞ

የልጄ የካሳ ልጅ ወይንሸት ሯጭ ናት። አዲስ አበባ፣ ወሰን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዓለም ሁሉ ለሚሰበሰብበት ትልቅ ውድድር ተመረጠችና «ሳልሄድ መጥተው ይመርቁኝ» ብላ ደወለችልኝ። ባለቤቴ የሺ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀረች። በእሷ ፈንታ አሥር ኪሎ በሶ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ደግሞም በጠርሙስ የተዘፈዘፈ የሳል መድኃኒት አሸከመችኝ። ልጅቱ በስልክ አንድ ጊዜ ስላሳለች ነው።

ከአገሬ ከጅሩ፣ ከእነዋሪ፣ ጎህ ሲቀድ ተሳፈርኩ። ደነባን ሳናልፍ የጠርሙሱ ውታፍ ለቀቀና መድኃኒቱ አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሽታው እንኳን ሰው ፍየል ያባርራል።

«ምንድን ነው ይሄ አባት?» አለኝ።

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የሳል።»

«ጫማዬ እኮ አይስልም» አለ። ቢሆንም ጨዋ ሰው ነው፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሻይ ጋበዘኝ። ሻይዋ የሲኒ ቂጥ የማትሸፍን ነበረች። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ለቅምሻ ነው የምንሰጠው። ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን አልፈን ላምበረት መናኸሪያ ከሰዓት በኋላ ገባን። ድሮ ሰንዳፋን ስታልፍ ገብስ ነበር የምታየው፤ ዛሬ ገብሱን በዓይኔ ስፈልግ አንገቴ ተቀጨ። ፎቅ ነው የበቀለው።

ከአውቶቡሱ ስወርድ አንድ ጎረምሳ ጆንያዬን ከእጄ መነጨቀኝ። ሌባ ነው ብዬ የጆንያውን ጆሮ ያዝኩ።

«አባቴ፣ ተሸካሚ ነኝ!» ይላል።

«እኔም ተሸካሚ ነኝ» አልኩት።

ስላልለቀቅኩ እሱ በአንድ ጎን፣ እኔ በአንድ ጎን ይዘን እስከ በሩ ሄድን። ወይንሸት እስክትመጣ ከጎኔ ቆሞ ጠበቀ። ሳቁን ግን አልደበቀም። እውነቱን ለመናገር ጆንያው ለአንድ ሰው ከብዶ ነበር።

ወይንሸት የተከራየችው ኦቦ ገመቹ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ነው። ዛሬ ቤት የሞላው ያ ሁሉ ሰፈር በፊት የእሳቸው ማሳ ነበር። አሁን የቀሯቸው አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ አንድ ውሻ፣ ደግሞም ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ናቸው። የወይንሸት ክፍል ከጓሮ ናት፤ አንድ አልጋ ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ኦቦ ገመቹና ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ከሳሎናቸው አነጠፉልኝ። «የጅሩ ሰው ነዎት? እንግዲያ ስለ በሬ ያውቃሉ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። ያን ዕለት ስለ በሬ አውርተን «እርስዎ» መባባል ቀረ፤ «አንተ» ተባባልን።

ማታ የተረፈውን መድኃኒት ለወይንሸት ቀዳሁላት።

«አባባ፣ ይሄን አልጠጣም።»

«አያትሽ ናት የዘፈዘፈችው።»

«እሳቸው ቢዘፈዝፉትም። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። እኔ እመረመራለሁ።»

«ምንሽ ነው የሚመረመረው?»

«ሽንቴ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለሯጭ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት የሚወስዱ ስላሉ መርማሪዎች ሳይናገሩ ቤት ድረስ ይመጣሉ አለች። እሷም በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ በስልኳ አስቀድማ ታሳውቃለች። የመረጠችው ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት፣ እዚሁ ቤቷ ነው። ሽንቷን በጠርሙስ ያሽጉና በአውሮፕላን ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይልኩታል።

«በአውሮፕላን?»

«በአውሮፕላን።»

እኔ ደምሴ ሰባ ዓመት አልፎኝ አውሮፕላን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አላየሁም። የልጅ ሽንት ተሳፍሮ ይሄዳል ብትለኝ ባላገር ነው ብላ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «እሺ» ብዬ ተኛሁ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ማክሰኞ

ልምምዷን ላሳይዎት ብላ እንጦጦ ወሰደችኝ። ከወሰን መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ ቀይረን ሽሮ ሜዳ ወረድን። እዚህ ታክሲ የሚሉት ሚኒባሱን ነው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ ሰው የሞተ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በመኪና እንውጣ ብትለኝ፣ «እኔ የጀማን ገደል ወርጄ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይሄን ጉብታ በመኪና አልወጣም» አልኳት።

ጉብታ አልነበረም። ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይጀምራል። ወይንሸት ወደ ላይ ሮጣ፣ ተመልሳ ወርዳ፣ «አባባ ደህና ነዎት?» ብላ እንደገና ትወጣለች። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥተው አለፉኝ። ሸክማቸውን አውርደው አርፈው ሳሉ እኔ አለፍኳቸው፤ ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆዩ እንደገና አለፉኝ። በሦስተኛው ላይ ዞር ብለው፣ «አባቴ፣ ከከበደዎት ከዚህ ሸክም ላይ ጨምሬ ልሸከምዎት?» አሉኝ።

ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከተማውን አየሁት። እኛ አገር ከአምባ ላይ ስታይ ማሳው አረንጓዴና ቡኒ ሆኖ የማን እንደሆነ ትለያለህ። እዚህ ቆርቆሮና መስታወት ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ወይንሸት ግን ስትሮጥ ማየት ነው! አፈሩ የተነካ አይመስልም። አባቷ ካሳ በልጅነቱ ጥጃ ሲያባርር እንዲህ ነበር፤ እሱ ግን ጥጃው ያመልጠዋል።

ስንወርድ በመኪና ወረድን። ማታ፣ «ነገ እረፍት ላይ ስለሆንኩ ትንሽ አረፍዳለሁ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ረቡዕ

እዚህ ላይ ያኔ የማላውቀውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሯጭ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በተናገረችበት ሰዓት ካልተገኘች መድኃኒት እንደወሰደ ሰው ትታገዳለች፤ ብዙ ጊዜ ለሁለት ዓመት። ወይንሸት ሁለት ጊዜ ተጽፎባታል። አንዱን ጊዜ ሰንዳፋ ልምምድ ላይ አድራ አድራሻዋን መቀየር ረስታ፣ ሌላውን ታማሚ ጓደኛዋን ሐኪም ቤት ልታደርስ በጠዋት ወጥታ ነው። እንዳልጨነቅ ብላ ለእኔ አልነገረችኝም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ተነስቼ ኦቦ ገመቹ ላሟን ሲያልብ ጥጃዋን ይዤለታለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈት አድርጌ ባይ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች፣ ወደ አርባ የሚጠጋት ሴትና ትልቅ ሻንጣ የያዘ ረጅም ሰው ቆመዋል። ሴትዮዋ ወረቀት አየት አድርጋ፣

«እንደምን አደሩ አባት። ወይንሸት ካሳ ደምሴ እዚህ ናት?» አለች።

ስም እስከ አያት። አያትየው ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ እንዲሁ በማለዳ ወረቀት የያዙ ሰዎች መጥተው የታናሽ ወንድሜን የታደሰን ስም እስከ አያት ጠሩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «አለ፣ ተኝቷል» ብዬ ቀስቅሼ አወጣሁላቸው። ወደ ጦርነቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በማለዳ ሰው በወረቀት ለሚጠራ መልሴ አንድ ነው።

«የለችም» አልኩ።

«የት ሄደች?»

«አገሯ ገባች።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ኦቦ ገመቹ ወተቱን ይዞ ከኋላዬ መጣ። ምን እንዳልኩ አልሰማም፤ ዓይኔን ግን አየ። እሱም የዚያ ዘመን ሰው ነው።

«ሄዳለች፤ ሳምንቷ ነው» አለ።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። «ትናንት ነው ሳምንት?»

«ትናንት ሳምንት ሆናት» አልኩ።

«ለምንድን ነው የምትፈልጓት?» አለ ገመቹ።

«ይቅርታ፣ ለእሷ ካልሆነ ለሌላ ሰው መናገር አንችልም። ገብተን እንይ?»

ጉዳዩን የማይናገር እንግዳ! ከዚህ ወዲያ ምን ልጠብቅ? «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ኃይለኛው ውሻ በበሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ የሴትዮዋን ጫማ ላሰ።

«እንግዲያው እዚሁ እስከ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን» አለች ከውጭ። በስንጥቁ ሳይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። መጻፏ ይበልጥ አሳሰበኝ።

ያን ጊዜ ገመቹ አንድ ብልሃት አመጣ። «ቢገቡ እንኳ በሯ ከውጭ ተቆልፎ ካዩ ያምናሉ» አለኝ በሹክሹክታ። ቀስ ብሎ ሄዶ የወይንሸትን በር በጓጉንቸር ቆለፈው። ልጅቱ አልሰማችም፤ እንጦጦን ሦስት ጊዜ የወጣ ሰው እንቅልፍ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ላሟን እየነዳ በጓሮ በር ወጣ።

እኔ ከበሩ ሥር በርጩማ ላይ ዱላዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። ደግሞም ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ነውና አንጀቴ አልችል ብሎ ትኩስ ወተት በበሩ ክፍተት አቀበልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልን አባት፣ በሥራ ላይ ምንም አንቀበልም።»

ግብር ሰብሳቢ እንኳ ወተት ይጠጣል! ንቀት ነው ብዬ ራሴ ጠጣሁት።

አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስልክ ጠራ። ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነው። ለካስ ሕጋቸው እስከ መጨረሻው አምስት ደቂቃ ድረስ አይደውሉም።

«አሎ?» አለች ወይንሸት በእንቅልፍ ድምፅ።

«ወይንሸት? ሰናይት ነኝ፣ ለምርመራ የመጣሁት። የት ነሽ?» አለች ሴትዮዋ ከበሩ ውጭ።

«ቤት ነኝ! እዚሁ ነኝ!»

«አያትሽ የለችም ብለውናል።»

በሩ ከውስጥ ተጎተተ። አልከፈት አለ። «አባባ! በሩን ማን ቆለፈው?»

«ዝም በይ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰዎች በር ላይ ናቸው!»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የለችም ማለት አይቻልም።

«አባባ ክፈት! የሽንት መርማሪዎቹ ናቸው! ሁለቴ ተጽፎብኛል፣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው! እታገዳለሁ! ሁለት ዓመት!» እያለቀሰች ነው። ዕድሜዋን በሙሉ «እርስዎ» ያለችኝ ልጅ ያን ቀን «አንተ» አለችኝ፤ አልተቀየምኳትም።

ታደሰን አውጥቼ ሰጠሁ፤ አጣሁት። እሷን ደበቅሁ፤ አሁን ደግሞ ድካሟን ሁሉ ላጠፋባት ነው።

«አባት፣ አራት ደቂቃ አለን! በሩን ይክፈቱ!» አለች ሰናይት።

መወርወሪያውን ስስበው ሁለቴ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ከፈትኩ። ሁለቱም ሮጠው ገቡ። ቁልፉ ግን ከገመቹና ከላሟ ጋር ሄዷል! ወይንሸት በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ መሃል እጇን አውጥታ፣ «ይኸው አለሁ! ይኸው!» ትላለች። ሰናይት መታወቂያዋን አሳየቻት፣ ወረቀቱን በብረቱ መሃል አሾለከችላት፣ ልጅቱም የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ፈረመች። ረጅሙ ሰውዬ ሰዓቱን ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ደረሰች ብዬ ልቀመጥ ስል ሌላ ሕግ መጣ። ከፈረመች ጀምሮ ከዓይን መለየት የለባትም። ስለዚህ ሰናይት አፍንጫዋን ከፍርግርጉ አስጠግታ ልጅቱን ስታይ፣ እኔና ረጅሙ ሰውዬ በገመቹ መጥረቢያ የበሩን ማጠፊያ መስበር ያዝን። እንጨቱ ጠንካራ ነበር፤ የዛሬ ሥራ አይደለም። በሩ ተገንጥሎ ሲወድቅ ገመቹ ከነላሙ ብቅ አለ።

«ምን ነካችሁ? ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው!» አለ።

አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረችው። አልገባኝም፤ እሱ ግን ላሟን ይዞ ሄደ።

አሁን ሽንት ብቻ ነው የቀረው። ሰናይት አብራ መጸዳጃ ቤት ልትገባ ስትል፣ «ልጅቷ መንገዱን ታውቀዋለች» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ለካስ አይታ ነው የምትመሰክረው። «አባባ ይተዉ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ ወይንሸት። ወደ «እርስዎ» በመመለሷ ተጽናናሁ።

ድንጋጤው አድርቋት ሽንት እምቢ አለ። ከታሸገ ውኃ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ከፍታ አራት ጠርሙስ ጠጣች። ሲመጣ ደግሞ ሰናይት ጠብታ ወስዳ በመለኪያ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«በጣም ቀጥኗል። ውኃ በዝቶበታል። ሌላ መጠበቅ አለብን።»

«ትናንት እንጦጦን ሦስት ጊዜ የወጣች ልጅ እንዴት ሽንቷ ቀጭን ይሆናል?» ብዬ ተቆጣሁ። በቤታችን ቀጭን የሚባል ነገር አልወጣም።

ጠበቅን። ፀሐይ ወጥታ ከፍ እስክትል ጠበቅን። አዴ ጫልቱ የገብስ ጭኮ በቅቤ ለውሳ አቅርባ «አንበላም» አሏት። ገመቹ አሞሌ ጨው እንደ ጠፋበት ነጋዴ አዘነ፤ «ሽንት ይወስዳሉ፣ ጭኮ አይወስዱም፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አለ። ጭኮውን እኔና እሱ ጨረስነው።

በመሃል ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከወይንሸት አልነቀለችም።

«አባት፣ ለምን ዋሹን? አንቆጣዎትም፣ ይንገሩኝ።»

የታደሰን ነገር ነገርኳት። እሷም፣ «እኛ ይዘን የምንሄደው ሽንቷን ብቻ ነው፤ እሷን ለእርስዎ ትተንልዎት ነው የምንሄደው» አለችኝ። እንባዬን በጋቢዬ ጠረግሁ፤ ጢስ ነው አልኳት። ጢስ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ወፍራሙ መጣ። ወይንሸት በሁለት ጠርሙስ ከፈለችው፤ ክዳኑ አንዴ ከገጠመ ላቦራቶሪ ውስጥ በመሣሪያ ካልሆነ አይከፈትም። እኔም በሙሉ ኃይሌ ሞከርኩት፤ ተቆጡኝ። ጠርሙሱ ላይ ስሟን ፈለግሁ፤ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው።

«ላቦራቶሪው የማን እንደሆነ አያውቅም። እንዳያዳላም፣ እንዳይበድልም» አለች ሰናይት።

ይሄን ወደድኩት። እዚያ ስም እስከ አያት የሚጠራ የለም።

በመጨረሻ በዚህ ሳምንት የወሰደችው መድኃኒት ካለ ጠየቋት። «ምንም» አለች። የየሺን ጠርሙስ አስቤ ላቤ መጣ፤ እሷ እምቢ ባትለኝ ኖሮ እኔው አጠጥቻት ነበር። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ አስተያየት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ሰናይት፣ «ቤተሰብም ቢሆን የሚለው ነገር ካለው ይጻፍ» አለች። እኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ በፈቃዴ ጽፌ አላውቅም። ብዕሩን ተቀበልኳት። ረጅሙ ሰውዬ ሰዓቱን ሁለቴ እስኪያይ ድረስ ጻፍኩ፦

«ወይንሸት ካሳ ቤት ነበረች። የለችም ያልኩ እኔ ነኝ። ደምሴ።»

ሐሙስ

በጠዋት በተሰበረው በር ደፍ ላይ አቁሜ መረቅኳት። ገመቹ በሩን እየጠገነ «አሜን» ይላል፤ በየአሜኑ ሚስማር ይመታል። አዴ ጫልቱ ለየሺ ጭኮ ቋጠረችልኝ። ላምበረት ስደርስ ያ ተሸካሚ አወቀኝ። «አባቴ፣ ዛሬስ ብቻዬን ይፈቅዱልኛል?» አለ። ፈቀድኩለት። አውቶቡሱ ሰንዳፋን ሲያልፍ አንድ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ አለፈ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት፣ «የልጅ ልጄ ሽንት ምናልባት እዚያ ውስጥ ነው» አልኳት። ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ይኸው ነው ጉዞዬ። ወይንሸት ከሰሞኑ ደወለችልኝ። ንጹሕ ነው ተብሏል፤ ልትሳፈር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከተመለስኩ በሳምንቱ፣ በማለዳ፣ የእኔው በር ተንኳኳ። አንድ ሰው በወረቀት «ደምሴ ወልዴ ገብሬ አሉ?» ይላል። የሺ ገና ከመኝታዋ ሳትነሳ «የለም!» አለችው። አርባ ዓመት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ጋቢዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። «አለሁ! አለሁ!» እላለሁ።

የግብርና ሠራተኛው ነው። «አባት፣ ለምርጥ ስንዴ ዘር ምዝገባ ነው። ስመጣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ ዛሬም የሉም ቢባል ስምዎን ልሰርዝ ነበር» አለኝ።

ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከዚያ ብዕሩን ከእጁ ተቀብዬ፣ «የት ነው የምፈርመው?» አልኩት።